ከሙሄዲን ጭን የወጣው ብረት

በደርግ ጊዜ ደሴ በቁስለኛ ስትጥለቀለቅ፣ ሲስተር አረጋሽ የምትሠራበት ሆስፒታል ለተሰበረ አጥንት የሚታሰር ብረት አጣ። ከሟች ጭን እየፈቱ፣ እየቀቀሉ ለሌላው ማስገባት ተለመደ።

የወሎዋ ደጋን ሰው፣ ሚሊሺያው ሙሄዲን የሞተው ብረት የገባበት ቁስል አመርቅዞበት ነው። ሊሞት ሲያጣጥር እናቱ ሲስተር አረጋሽን፣ «ልጄ፣ በአላህ ይዤሻለሁ፣ ወደ ቂብላ፣ ወደምንሰግድበት፣ ወደዚያ መስኮት አዙሪልኝ» ብለው ለመኑ። እግሩ ከአልጋው ጋር ስለታሰረ ዶክተር ቀለሙ ከለከሉ። ፊቱን ወደ በሩ እንዳደረገ ሞተ።

ብረቱ ተቀቅሎ በዚያው ክፍል ለተኛው ለጎጃሜው አስር አለቃ በላቸው ገባለት። በላቸው ሙሄዲንንም እናቱንም አያውቅም፤ ማተቡ ካንገቱ አይለይም።

ጠዋት ሲስተር አረጋሽ ስትገባ የበላቸው አልጋ ወደ መስኮቱ ዞሮ አገኘችው። መለሰችው። በማግስቱም ዞሯል። አስታማሚዎቹን ብትቆጣ ሁሉም አልነካንም ብለው ማሉ።

ከዚያ ትኩሳቱ ጀመረ። ዶክተሩ ቁስሉን ሲገልጡት ሽታው ያው የሙሄዲን ሽታ ነው።

«ጀርሙ ብረቱ ላይ ተጣብቋል» አሉ። «ጀርም የማያስጠጋ ቅብ ቢኖረው ነበር የሚሻለው እንጂ፣ መቀቀሉ ምን ሊያደርግ? አይተርፍም። ሲያርፍ ፍቱትና ለቀጣዩ ቀቅሉት።»

አረጋሽ አልጋውን ወደ ቦታው መልሳ፣ እንዳይዞር ከግድግዳው ቧንቧ ጋር በፋሻ አሰረችው።

በላቸው ዓይኑን ገለጠ።

«ሲስተር» አላት በደጋን ሰው አነጋገር፣ «እናቴ ለምናሽ አልነበር? ፍቺና አዙሪኝ።»