ከጀልባዋ ውስጥ የመጣው ወሬ

ጎረቤታችን ታዴዎስ ናይቫሻ ሐይቅ ውስጥ ሰጥሞ ቀረ፤ ጀልባዋ ግን በመኪና ተጭና ካሳራኒ ሰፈር ወዳለው የጋራ ግቢያችን ተመለሰች። ሚስቱ አያልነሽ ልትሸጣት ነው። ገዢው «የማጥመጃ ዘንግ መደርደሪያ ውስጧ ይገጠምልኝ» ስላለ፣ አናጢው ልጄ ባንታየሁ ሥራውን ያዘ። እኔ እንጨቱን ደግፌ ያዝኩለት።

«እማዬ፣ ሳታወሪ ያዢ! ብሎኑ አልፎ ጀልባዋን ይበሳታል።»

እኔና ዝምታ አንተዋወቅም፤ ያን ቀን ግን አፌ አልከፈት አለኝ። «ታዴዎስ ጀልባው ውስጥ ሴት ያሳድራል» ብዬ ያስወራሁት እኔ ነኛ! አይቼም አይደል፤ ወሬ ሲያልቅብኝ ነው። አያልነሽ ሰምታ ተጣሉ፤ እሱም ተናዶ ብቻውን ሐይቅ ገባ። ማን እንዳስወራ እስከዛሬ አታውቅም፤ ጭራሽ እንደ እናቷ ታየኛለች።

ጨርሰን ጀልባዋ ከተቀመጠችበት ክፍል ወጣን፤ ባንታየሁ በሩን ቆለፈ። አያልነሽ ሻይ አመጣችልን። ገና አንዴ ፉት ስል፣ ከተቆለፈው ክፍል ውስጥ ሳቅ ተሰማ። ከዚያ ሹክሹክታ፦

«ኧረ ስሚማ! ይሄ ታዴዎስ የምትሉት ሰውዬ እኮ... ለሚስቱ እንዳትነግሪ ብቻ!»

ድምፁ የኔ ነው። ሳቁም የኔ።

አያልነሽ በሩን አየች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ ሻይ የሞላውን አፌን ትክ ብላ አየችው።

«እማማ፣» አለችኝ፣ «እርስዎ እዚህ አይደሉ እንዴ?»