ቀዩ እስክሪብቶ

«ስድስት ብቻ?» አለ ሽማግሌው መምህር። በዚህ የፊንላንድ ትምህርት ቤት አዲስ ሥርዓት ተማሪም አስተማሪም ለራሱ ከአሥር ውጤት ይሰጣል፤ የክፍሉ አንደኛ የሆነችው ልጅ ግን እንደ አገሩ ልማድ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ በሱፍ ካልሲዋ ተቀምጣ ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች። ፊንላንዳዊ ራሱን ከሚያሞግስ በረዶ ውሃ ውስጥ ቢዘፈቅ ይሻለዋል።

«ዘጠኝ ብትጽፊ ማን ይቆጣሻል?»

«ጉረኛ እንዳልባል ነዋ! እርስዎስ ቲቸር፣ ለራስዎ ስንት ሰጡ?»

ወረቀቱን በመዳፉ ሊሸፍን ሲል ቀድማ ነጠቀችው። ስድስት፤ ያውም በእርሳስ፣ ፈዘዝ ተደርጎ።

«ኧረ ቲቸር! ይሄማ ስህተት ነው» አለችና እሱ ሠላሳ ዓመት የልጆች ደብተር ያረመበትን ቀይ እስክሪብቶ ከጠረጴዛው ላይ አነሳች። ስድስቱን ሰርዛ ዘጠኝ ጻፈችለት።

እስክሪብቶውን ሊቀበላት እጁን ዘረጋ፤ ከዚያ መልሶ ሰበሰበውና ወረቀቷን ወደ እሷ ገፋ አደረገላት።

«በይ፣ ያንቺንም አርሚ።»