በየወሩ ቁልፉ የሚወልቅ ኮት

«አባባ፣ ይሄ ቁልፍ እኮ ተበጥሶ የወደቀ አይደለም... በመቀስ የተቆረጠ ነው!»

ልብስ ሰፊው ኮቱን ወደ መስኮቱ አስጠግቶ የክሩን ጫፍ አሳያቸው።

ሽማግሌው መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ አድርገው አዩና... «አይጥ ትሆናለች» አሉ።

«አይጧ መቀስ ይዛለች?»

«የዘንድሮ አይጥ ምን የማትይዘው አለ ልጄ? በል ስፋልኝ!»

እየሳቀ መርፌውን አነሳ። በየወሩ እንዲህ ናቸው... ያው ኮት፣ ያው የቁልፍ ጣጣ።

የሚመጡት ደግሞ ሁሌ እሱ ሐኪም ቤት ቀጠሮ ባለው ቀን ጠዋት ነው።

«እኔም ዛሬ የደም ግፊት ቀጠሮ አለኝ። ስትጨርስ አብረን እንሂድ» ይሉታል። ግቢው ውስጥ ይለያዩና ሲወጡ በር ላይ ይገናኛሉ።

መጀመሪያ እንዴት እንደተዋወቁ ልንገራችሁ...

አንድ ቀን ሽማግሌው የሰጡትን ሱሪ ሊወስዱ ሲመጡ የሱቁ በር ገርበብ ብሏል። ገፋ አድርገው ገቡ።

ልብስ ሰፊው የስፌት መኪናውን እየረገጠ ነው... መርፌው ላይ ግን ክር የለም። ከስሩም ጨርቅ የለም። ፊቱ በእንባ ርሷል።

«ምን ሆነሃል ልጄ?»

«መኖር ደከመኝ አባባ... ዛሬ ሁሉንም ልጨርሰው ነው።»

ሌላ ሰው ቢሆን «ተው እንጂ፣ ወንድ አይደለህ እንዴ!» ይለው ነበር። (እንዲህ የምትሉ እዚህም አላችሁ፣ አውቃችኋለሁ!)

እሳቸው ግን አልተቆጡም፤ አልመከሩም። አጠገቡ ወለሉ ላይ ቁጭ አሉና «ብቻህን አልተውህም» አሉት። እስኪረጋጋ ጠብቀው እጁን ይዘው ሐኪም ቤት ወሰዱት። ተኝቶ ታከመ።

ሲወጣ ታላቅ ወንድሙ ጀርባውን ቸብ ቸብ አድርጎ «በቃ፣ ድነሃል!» አለው።

ጎረቤቱም፣ ደንበኛውም «እንኳን ተሻለህ» አሉት... በዚያው አበቃ። ከዚያ ወዲያ «እንዴት ነህ?» ብሎ መልሱን ቆሞ የሰማ ሰው አልነበረም።

ወንድሙማ ጭራሽ «ጤነኛ ሰው ሐኪም ቤት ምን ያመላልሰዋል? ሰው ምን ይለናል?» ይለው ጀመር።

እሱም ሊተወው ያስባል... በቀጠሮው ጠዋት ግን ያ ኮት ከች! ሽማግሌውን ብቻቸውን መስደድ አንጀቱ አይችልምና አብሮ ይሄዳል።

አንድ የቀጠሮ ቀን ግን ሽማግሌው አልመጡም።

ክሩን መርፌ ላይ አስገብቶ ጠበቃቸው... ደጅ ደጁን አየ... ረፈደ።

ወንድሙ ደወለ። «ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀህ የት ልትሄድ ነው? ተወው በቃ!»

ተወው።

መድኃኒቱ አለቀ... እንቅልፉ ጠፋ። ያ የድሮ ድካም ተመልሶ መጣ። አንዳንዴ መኪናውን ያለ ክር ሲረግጥ ራሱን ያገኘዋል።

አንድ ከሰዓት ጥቁር የለበሱ እናት በሩ ላይ ቆሙ። ክንዳቸው ላይ ያ ኮት አለ።

«ልብስ ሰፊው አንተ ነህ?»

«አዎ እናቴ... አባባስ?»

ሴትዮዋ ወንበሩ ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«ባለቤቴ አረፈ ልጄ። ቁልፉን ቆርጦ፣ ኮቱን ለብሶ ወዳንተ ሊወጣ ሲል በር ላይ ወደቀ። ልቡ ነው አሉን።»

«ራሳቸው ነበሩ የሚቆርጡት?»

«ታዲያ ማን ይቆርጠዋል? "እየጠበቅኩት መሆኔን ካወቀ ያፍራል" ይል ነበር።»

«የደም ግፊት ቀጠሯቸውስ...?»

«ምን ደም ግፊት አለበት! አንተ እስክትጨርስ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጦ ይጠብቅህና ቀድሞህ በር ላይ ይቆማል እንጂ።»

ልብስ ሰፊው አጠገባቸው ወለሉ ላይ ቁጭ አለ።

«ልጅ ነበረን» አሉ ኮቱን እየዳሰሱ። «ያንተ እኩያ። እንዳንተው ታሞ፣ ታክሞ ወጣ። ደስታችን ወደር አልነበረውም! ሰው ፊት መድኃኒቱን ለመዋጥ ሲያፍር... እኛም አብረነው አፈርን። ቀጠሮው ሲደርስ አባቱ ራሱ "አሁን ጤነኛ ነህ፣ ተወው" አለው።»

ኮቱን ጭናቸው ላይ አጠፉት።

«ተወው... ብዙም ሳይቆይ አጣነው። አባቱ ከዚያ ቀን በኋላ ሙሉ እንቅልፍ ተኝቶ አያውቅም።»

ልብስ ሰፊው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «እናቴ... እኔም ቀጠሮዬ አልፎኛል። እንደገና እያመመኝ ነው።»

ሴትዮዋ እንባቸውን ጠርገው ተነሱ።

«ያንተ ይታደሳል። የማይታደሰው የልጄ ነው። ተነስ፣ በሩን ዝጋ!»

ያኔውኑ ሄዱ። እሳቸው ኮሪደሩ ላይ፣ ባላቸው ይቀመጡበት በነበረው ወንበር ላይ ተቀምጠው ጠበቁት።

ኮቱ አሁንም ሱቁ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። አንድ ቁልፍ ይጎድለዋል... አልሰፋውም።

በቀጣዩ ቀጠሮ ጠዋት እኚያ እናት ጥቁር ሹራባቸውን ይዘው ብቅ አሉ። እጅጌው ተተርትሯል። ልብስ ሰፊው ክሩን አየው... በመቀስ የተቆረጠ ነው።

ቀና ብሎ አያቸው።

«አይጥ ናት» አሉት እያለቀሱ።

ወዳጆቼ... «መኖር ደከመኝ» የሚላችሁን ሰው ብቻውን አትተዉት፤ ያኔውኑ ወደ ሐኪም ውሰዱት። ግን በዚያ አያበቃም! ከሐኪም ቤት የወጣ ሰው «ድነሃል» ተብሎ የሚረሳ አይደለም። ቀጠሮ አለው፣ መድኃኒት አለው... አብሮት የሚሄድ ሰው ደግሞ ከሁሉ በላይ ያስፈልገዋል።

እስቲ እውነቱን ጻፉልኝ... «ተሽሎታል» ብላችሁ መጠየቅ ያቆማችሁት ሰው ማነው? ዛሬ ምን ሰበብ ፈጥራችሁ በሩን ታንኳኳላችሁ?