የሊቤ ጋቢና

ሊቤ ከሞተች ሦስት ዓመት ከሁለት ወር ሆኗታል። ከዚያ ወዲህ በፔጆዋ ጋቢና ማንም አልተቀመጠም። ወንበሩ እሷ እንደተወችው ወደ ዳሽቦርዱ ተጠግቶ ቆሟል። ከፊቱ ያለው ምንጣፍ ላይ የወተት ቢዶን ክብ ምልክት ታትሟል።

ከፔጆዋ ጎን ልጇ ድንቅቱ ትናንት ያመጣችው የኤሌክትሪክ ሚኒቫን አለ፤ ባለ ሰባት ወንበር። መንገዱ ሲሰፋ የሱሉልታው ግቢ አጥር ወደ ውስጥ ስለገባ ግቢው ሁለቱን መኪኖች አይችልም። አንዱ መውጣት አለበት።

ፔጆዋን ሊወስድ የመጣው ጋሮማ ለገጣፎ ውስጥ ለሙሽሮች መኪና ያከራያል። የኋላውን ረጅም በር ወደ ላይ ያነሣል፣ ይዘጋል።

"ኦቦ ደቻሳ፣ ይቺ መኪና እኮ በዕድሜ ትበልጠኛለች። አንቱ ልበላት እንዴ?"

"ብትላት አይከፋትም" ብለው ይስቃሉ ሽማግሌው የሊቤ ባል።

ጋሮማ ጋቢና ይገባል። ጉልበቱ አላስገባው ሲል እጁን ከወንበሩ ሥር ሰዶ ማንሻውን ይስባል። ወንበሩ ጓ ብሎ ወደ ኋላ ይሄዳል።

የደቻሳ ሳቅ ይቆማል። "መልሰው!"

ጋሮማ ደንግጦ ይወርድና ወንበሩን ወደ ፊት ይገፋል። ቀጭ። ቀጭ። "እዚህ ነበር?"

ደቻሳ ያያሉ። ዕድሜ ልካቸውን ወተት ሲለኩ የኖሩ ሰው ይህን ግን ለክተውት አያውቁም። "አይደለም። ወደ ቦታው ካልተመለሰ አትወስዳትም።"

ድንቅቱ ከጓዳ ባለ ዐሥር ሊትሩን ቢዶን ይዛ ትመጣለች። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ትልልቆቹ ቢዶኖች ከኋላ ሲጫኑ፣ ይሄ በእናቷ እግሮች መካከል ሆኖ ነበር አዲስ አበባ የሚወርደው። በምልክቱ ላይ ታስቀምጠውና ወንበሩን ትገፋለች። በአምስተኛው ቀጭታ የወንበሩ ጠርዝ ቢዶኑን ይነካል።

"ይኸው አባባ።"

ደቻሳ ሜትር ያስመጣሉ። ከዳሽቦርዱ እስከ ወንበሩ ሃያ ሰባት ሳንቲሜትር። ቁጥሩን ደጋግመው ያዩታል።

"እግሯስ የት ነበር?"

"ከቢዶኑ ግራና ቀኝ። ማታ ማታ ጉልበቷን በቅቤ የማሻት እኔ ነበርኩ።"

"ለኔ አንድም ቀን 'ጉልበቴን' አላለችኝም፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ።"

"ለአንቱማ አትልም። ከኋላ አንድ ቢዶን ይቀነስ እንዳይሉ ፈርታ ነዋ።"

 ደቻሳ ጎንበስ ብለው ቢዶኑን ያነሡና ወደ ሚኒቫኑ ያሻግሩታል። ከጋቢናው ፊት አስቀምጠው ወደ ዳሽቦርዱ ያስጠጉታል።

"ወንበሩን አምጪው።"

ድንቅቱ የወንበሩን ማንቀሳቀሻ ቁልፍ ትጫናለች። ወንበሩ ያለ ድምፅ ይንሸራተታል፣ ይንሸራተታል፣ ሐዲዱ ጫፍ ደርሶ ይቆማል። ደግማ ትጫናለች። አይንቀሳቀስም።

ሽማግሌው ተንበርክከው ይለካሉ። እንደተንበረከኩ የፔጆዋን ቁልፍ ከኪሳቸው ያወጣሉ፤ ሳይዞሩ ለጋሮማ ይዘረጉለታል።

"ወንበሩን ወደ ኋላ ሳበው፣ ልጄ። ጉልበትህን ይጎዳሃል።"

በቢዶኑና በአዲሱ ወንበር መካከል ስምንት ሳንቲሜትር አለ።