ሰባት ቤት ሲቆጠር

ጀርመናዊው የልጁ አባት ልጅቷን ለልጃቸው ሊጠይቁ ከአገራቸው የመጡት የዘር ሐረጋቸውን አጥንተው ነው። ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ፣ «እስቲ ሰባት ቤት ይቁጠሩልን» ሲሏቸው ደስ ብሏቸው ብድግ አሉ። በልጅቷ አስተርጓሚነት፣ «አባቴ ብረት ቀጥቃጭ፣ አያቴ ብረት ቀጥቃጭ፣ ቅድመ አያቴ ብረት አቅላጭ፤ ሰባቱም ቤት ከብረት አልወጣንም» አሉ በኩራት።

«ኧረ ጉድ! ፈረንጅም ቡዳ አለው እንዴ?» አለች አንዲት ጎረቤት፤ ሳቁ ቤቱን ሞላው። ልጅቷ አቀርቅራ ቀረች። እናትየውን ላብ አጠመቃት።

«በእናንተ በኩልስ?» አሏት ትልቁ ሽማግሌ።

«እኛማ ገበሬዎች ነን» አለች ፈጥና። «ከጥንት ጀምሮ ከሞፈርና ከቀንበር ተለይተን አናውቅም።»

ሰው ሁሉ ለምስክርነት ወደ እናትየው አባት ዞረ። ከገጠር የመጡት ገና ትናንት ነው፤ ከጎረቤቱ የሚያውቃቸው የለም። አባትየው ልጃቸውን ትኩር ብለው አዩዋት። እሷ ዓይኗን ሰበረች።

«እውነቷን ነው፤ ገበሬዎች ነን» አሉ፣ የወናፍ ፍም የጠባበሳቸውን እጆቻቸውን ቀስ ብለው ጋቢያቸው ውስጥ እየደበቁ።