ጅምር ሐሳብ

ሽማግሌዎቹ «እሺ ካላላችሁን አንቀመጥም» ብለው ቆመዋል። እሺታው ግን የአባትየው የዘርጋው አይደለም፤ በዚህ ዘመን ልጅ ስትዳር የሚወስነው የየቤቱ መካሪ ማሽን ነው። ማሽኑ በየዙሩ ይበልጥ እየጠለቀ ያስባል። የተመደበለት ሰዓት ቢያልቅ ወይም መብራት ቢጠፋ፣ አስቦ የጨረሰው የመጨረሻ መልስ ይጸናል፤ ጅምሩ ይጣላል።

ያለፈው ዙር «ትዳር» ብሏል። አዲሱ ዙር ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ግን ስክሪኑ ወደ «አትዳር» ማዘንበል ጀመረ።

ልጁ ምንትዋብ የዘርጋውን እጅ ጭምቅ አደረገችው። «አባዬ፣ አንተስ ምን ትላለህ?»

እንዲህ ብሎ የጠየቀው ሰው ከጠፋ ዓመታት አልፈዋል። ዘርጋው ወደ ጓዳ ሮጠና ቆጣሪውን አጠፋው።

«ውይ፣ መብራት ሄደ!» ብሎ ጮኸ። «በሉ እንግዲህ፣ ቁጭ በሉ!»