የእናት ቤት መቀርቀሪያ

«እማዬ፣ ዓይንሽን ጨፍኚ» አለ በያጁ፣ ጭምብሉን ፊቱ ላይ እያወረደ። እናቱ መቀርቀሪያውን በፒንሳ ይዛ ከላሜራው በር ጋር እንዳጣበቀች ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ትናንት ደግሞ ከቤት ወጥታ ጠፍታ እስኪነጋ ሲፈልጋት አድሮ ነበር። ከእህቱ ጋር ቢመክሩ ቢዘክሩ ሌላ መላ አላገኙም።

የኤሌክትሮዱን ጫፍ ብረቱ ላይ ጫር ሲያደርገው ብርሃኑ ቦግ አለ። መቀርቀሪያው ወፍራም፣ ላሜራው ስስ ስለሆነ፣ እሳቱን ወፍራሙ ላይ እያቆየ ስሱን ነካ ብቻ ያደርገው ነበር፤ ትንሽ ቢቸኩል በሩ ይበሳል። ሁለቱም ቀለጡ፣ ተቀላቀሉ፣ ከዚያ ቀስ እያሉ ጠቆሩ። መቀርቀሪያውን የያዘው የእናቱ እጅ ንቅንቅ አላለም።

«አሁንማ ሌባ ዝር አይልም!» አለች ዓይኗን ገልጣ። ጭምብሉን ወደ አናቱ ገፍቶ ብየዳው ላይ የደረቀውን ቅርፊት በመዶሻ አራገፈና መቀርቀሪያውን ሞከረው። ሰተት ብሎ ገባ። ብየዳውን ልትዳስስ እጇን ስትዘረጋ «ይፋጃል!» ብሎ ያዛት። እሷም እጇን ሳታስለቅቅ በመጀመሪያ በሩን፣ ቀጥላ ፊቱን ትክ ብላ አየችው።

«እጅህ ይባረክ። ግን ምነው ከውጭ አደረግከው?» አለችው በትሕትና። «የኔም ልጅ በያጅ ነው። እሱ ቢሆን ከውስጥ ነበር የሚያደርግልኝ።»

ጭምብሉን መልሶ ፊቱ ላይ አወረደው። የቀረ ብየዳ ግን አልነበረም።